አርተር ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ኩን ራፒድስ ውስጥ አንድ ፓርኪንግ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ልጄ የተጠበሰ ድንች እየበላች ሳለ፣ በትንሿ ፕላስቲክ የሚመጣውን ቡናማ ኮምጣጤ ቀድዳ ድንቹ ላይ አፈሰሰችው። ትኩስ ድንች ላይ የወደቀ ኮምጣጤ የሚያወጣው እንፋሎት አለ፤ አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጎ፣ ዓይንን እንባ አስቋጥሮ የሚያልፍ። ሽታው መኪናውን ሲሞላው መሪውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ልጄ «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከወንዙ ዳር፣ አርተር ቤት ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጬ እግሮቼን አወዛውዝ ነበር።

አርተር እንግሊዛዊ ነው። በወጣትነቱ አሜሪካዊት አግብቶ ሚኒሶታ መጣ፤ ሚስቱ ስትሞትበት አገሩ መመለሱም እዚህ ብቻውን መኖሩም ከበደው። ስለዚህ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ገዛና ተወልዶ ያደገበትን የገጠር መንደር ፐብ፣ ሰፈርተኛው ተሰብስቦ የሚበላበትና የሚጠጣበትን ቤት፣ አስመስሎ ሠራው። ጣሪያው ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ረዥም ሰው ጎንበስ ሳይል ከገባ የበሩ ወራጅ እንጨት ግንባሩን ይቀበለዋል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ እሳቱ የማይጠፋ የድንጋይ ምድጃ ነበረው፣ ምድጃው ፊት ተዘርግቶ የሚተኛ፣ ሰው ሁሉ እየተሻገረው የሚያልፍ ሰነፍ ውሻም ነበረው። ቴሌቪዥን የለም፤ ሙዚቃም የለም። ሙዚቃ የፈለገ መኪናው ውስጥ ይስማ ይል ነበር አርተር።

ሰው እዚያ ቤት የሚመጣው ለመጠጡ ብቻ አልነበረም። ጡረታ የወጣችው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሩት አንዲት ብርጭቆ ቢራ አስቀምጣ፣ ሹራቧን እየሠራች፣ ከምሳ እስከ ማታ ስትቀመጥ ማንም ተነሺ አይላትም። አናጢዎች ከነመጋዝ ብናኛቸው፣ እናቶች ከነሕፃናታቸው፣ የሰፈሩ ፓስተር ከነመጽሐፉ ይመጣሉ። የማይተዋወቁ ሰዎች ጠረጴዛ ስለሚጋሩ ሳይተዋወቁ አይነሡም። ሁለት ቀን የጠፋ ሰው ካለ አርተር ስልክ ይደውልለታል፤ ከታመመ ሾርባ ይላክለታል። አሜሪካ ከመጣን ጀምሮ ጎረቤት ማለት የተዘጋ ጋራዥ ማለት ነው ብዬ አስብ ለነበርኩት ለእኔ ይህ ተአምር ነበር።

እማዬ እዚያ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆና ገብታ በስድስት ወሯ ዋና ምግብ አብሳይ ሆነች። ስሟ አልጋነሽ ነው። አርተር ሙሉውን መጥራት ስላቃተው ከቤቱ ጫፍ ሆኖ «አልጋ! አልጋ!» እያለ ይጣራ ነበር፤ አንድ ቀን ትርጉሙን ስነግረው እስከ ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ተለማምዶ «ሚስስ አልጋነሽ» ማለት ጀመረ። እማዬ የእሑዱን የበሬ ጥብስና መረቅ በጾም ወራት ሳትቀምስ በማሽተት ብቻ ነበር የምትሠራው። ጨው ሲበዛበት ደንበኞቹ ውሃ ይጠይቃሉ፤ አርተርም ጾም መግባቱን ከውሃው ብዛት አውቃለሁ እያለ ይስቃል።

ይህን ሁሉ አባዬ አያውቅም ነበር። እማዬ የሽማግሌዎች መጦሪያ አጸዳለሁ ብላ ነግራዋለች፣ እኔም እንዳልናገር አስጠንቅቃኛለች፤ ምክንያቱም በእኛ ሰዎች አፍ ፐብ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው መሸታ ቤት ነው። የመቶ አለቃ ግርማ ሚስት መሸታ ቤት ትሠራለች ከተባለ ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቃለን።

አባዬ አገር ቤት መኮንን ነበር። ታስሯል፣ ተገርፏል፣ በእግሩ ድንበር ተሻግሯል፤ እዚህ መጥቶ የዘበኛ ጎጆ በምታክል ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የፓርኪንግ ትኬት ይቆርጥ ነበር። ከሥራ ሲመጣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ብቻውን ይጠጣል። ጠርሙሱ ሲጋመስ ቤቱ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በድምፅ ነው የማውቀው፤ ወንበር ሲገፋ፣ ሳህን ሲወድቅ፣ ጥፊ፣ ከዚያም የግድግዳው ጓ ማለት። አንዴ የእማዬን የጎን ጥርስ ከምንጣፉ ላይ አንሥቼ በሶፍት ጠቅልዬ ሰጥቻታለሁ። አመሰግናለሁ ብላ ኪሷ ከተተችው። አርተር ዓይኗ ሥር የበለዘውን እያየ ምን ሆነሽ ሲላት በረዶ አንሸራተተኝ ትለው ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ምክንያቱም አብሮ ቀለጠ፤ በሐምሌ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ስትመጣ አርተር አልጠየቃትም፤ ፎቅ ላይ ያለችውን ባዶ ክፍል ቁልፍ ምድጃው አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅሎ ቦታውን ብቻ አሳያት።

ምስጢሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ እንማር ነበር፤ አንዷ ጓደኛዬ ስለ አዲሱ ቤታቸው ስትኩራራብኝ፣ የእኔ እናት ደግሞ እሳትና ውሻ ያለበት፣ እንደ ተረት ያለ ቤት ውስጥ ነው የምታበስለው አልኳት። ልጅቷ ለእናቷ ነገረች። በማግስቱ እሑድ፣ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ወሬው ቅዳሴ ሳያልቅ አባዬ ጆሮ ደረሰ።

በዚያው ዕለት አርተር ቤት ሞልቶ ነበር፤ እኔም ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጫለሁ። የሥጋው ሽታ፣ የእርጥብ ካፖርት ሽታ፣ የኮምጣጤው እንፋሎት፣ የሰዎች ሳቅ። በሩ ተከፈተና አባዬ ገባ። ከወፍራሙ ጃኬቱ በላይ ነጠላውን መስቀለኛ እንዳጣፋ ነው። ሩት እንግዳ የመጣ መስሏት ፈገግ ብላ ቦታ ልትሰጠው ጠጋ አለች። አባዬ እኔን አየኝ፤ የማያውቀኝን ልጅ እንደሚያይ አይቶኝ አለፈና ወደ ማድቤት ገባ።

መጀመሪያ የሰማሁት ትሪው ሲወድቅ ነው። ከዚያ እማዬን በሹሩባዋ እየጎተተ ወጣ። የፈላው ቅባት እግሯ ላይ ፈስሶ ካልሲዋ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። አልጮኸችም፤ ቤትም አትጮኽም ነበር፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ሰው ሁሉ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። አርተር ከባንኮኒው ኋላ ወጣ፤ ሰባ ዓመት የሞላው ትንሽ ሰው ነው፤ እጁን አባዬ ትከሻ ላይ አደረገና በቀስታ፣ «ልቀቃት፣ ወንድሜ» አለው።

አባዬ ለቀቃት። ለአንድ አፍታ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብሎ የምድጃውን የእሳት መቆስቆሻ ብረት አነሣና ሰነዘረ። አርተር ቀኝ እጁን ቢጋርድ የጣቶቹ አጥንት እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰበረ። ሁለተኛው ምት አርተርን ትከሻው ላይ አግኝቶ ከመሬት ጣለው፤ ሦስተኛው የብርጭቆውን መደርደሪያ አወረደው፤ ስብርባሪው ሕፃናቱ ፀጉር ላይ ሳይቀር ዘነበ። ከዚያ ሦስት ሰዎች ተጠምጥመው አባዬን ጣሉት። አንደኛው አናጢ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ይመታው ጀመር። የአባዬ እጆች ተይዘዋል፤ አፍንጫው ዞሯል፤ ነጠላው ቀይ ሆኗል፤ አናጢው ግን አላቆመም።

እኔ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ የውሻውን አንገት አቅፌ ነበር። እዚህ ላይ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ልናገር፤ ልቤ «በለው» ትል ነበር። እያንዳንዱን ምት እየቆጠርኩ፣ ይኼ ለጥርሷ፣ ይኼ ለከንፈሯ እል ነበር።

ያስቆመው አርተር ነው። የተንጠለጠለ እጁን በሌላው እጁ ደግፎ ከወለሉ ተነሣና፣ «በቃ። ወድቋል። የወደቀ ሰው እዚህ ቤት አይመታም» አለ። አናጢው የገዛ ጡጫውን አየና ተነሥቶ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። እማዬ እያነከሰች መጥታ አባዬ ራስ አጠገብ ቆመች። ነጠላውን ከሥሩ ሳብ አድርጋ አወጣች፣ እንደ ልማዷ ለአራት አጠፈችውና ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። «ግርማ፣ ከእንግዲህ እዚያ ቤት አልመለስም» አለችው። በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ ግን ቤቱ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም።

ፖሊስ መጣ። አባዬ ታሰረ፤ በኋላም ፍርድ ቤቱ ፕሮቤሽን ብሎ በክትትል ሥር ለቀቀው፣ ወደ እማዬም እንዳይቀርብ አገደው። አርተር እጁ በጀሶ እንደታሰረ ቀርቦ፣ ሰውየው ይህን ሁሉ ከጦርነት ተሸክሞ የመጣ ይመስለኛል፣ ነገር ግን ሚስቱ ልትሸከምለት አይገባም ብሎ መናገሩን እማዬ ነገረችኝ። የአርተር ጣቶች ከዚያ ወዲያ አልተዘረጉም። በፐቡ ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ትንንሽ ቀስቶች መወርወር የሚወድ ሰው ነበር፤ በግራው ሞከረና ግድግዳውን ሲበሳሳው ተወው።

እኔና እማዬ ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል ሁለት ዓመት ኖርን። በሕይወቴ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ከወለሉ ሥር የሰዎች ንግግር ቃሉ ሳይለይ እንደ ንብ ድምፅ እየመጣ ያስተኛኝ ነበር፤ በብዙ ሰው ድምፅ ላይ መተኛት፣ ከእነዚያ ሁሉ ድምፆች አንዱም እኛን ሊመታ እንደማይወጣ ማወቅ። ጠዋት የእሳቱ አመድ ሲጠረግ፣ የሩት መኪና ሲቆም፣ የእማዬ ሳቅ፤ እማዬ መሳቅ የምትችል ሴት መሆኗን ያወቅሁት እዚያ ነው።

አርተር የቤቱ ሕግ ነው ብሎ ለአባዬ መልእክት ልኮለት ነበር፤ የተማታ ሰው ዓመት ይታገዳል፣ ከዚያ ይቅርታ ጠይቆ ይገባል የሚል። አባዬ የፍርድ ቤቱም የአርተርም እገዳ ካበቃ በኋላ አንድ ቀትር ላይ መጣ። ሱፍ ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ በሩ ደጃፍ ቆመ። አርተር ወጣለት፤ አባዬ እንግሊዝኛው ስለጠፋበት እኔ መሐላቸው ቆሜ አስተረጎምኩ። እጅህን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ማረኝ አለ አባዬ። አርተር ማርኩህ አለው። ከዚያም በሩን ገፋ አድርጎ ከፍቶ ያዘለትና፣ «ለእኔ ብለሃል። እሷም ውስጥ ናት፤ ግባና ለእሷ በል» አለው።

ተረጎምኩለት። አባዬ ወደ ውስጥ ተመለከተ። እማዬ ማድቤቱ በር ላይ እጆቿን በሽርጧ ጠቅልላ ቆማለች። ሰው ሁሉ ይጠብቃል፤ የሚፈርድ ፊት አልነበረም። አባዬ አፉን ከፈተ፣ መልሶም ገጠመው። ከዚያ ዞሮ ሄደ። አርተር ብርዱ እየገባ በሩን ለረዥም ጊዜ እንደከፈተ ያዘው።

አርተር ከሞተ ብዙ ጊዜ ሆነው። የገዙት ሰዎች ቤቱን አፍርሰው ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ አስተካከሉት። ሩት አረፈች። እማዬም ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። እንደዚያ ያለ ቤት፣ ሰው ሰው ፊት ተቀምጦ የሚውልበት፣ ገመናው ወጥቶ የማይናቅበት፣ አሁን በምንኖርበት ፕሊማውዝም ሆነ ሌላ ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ልጄም ምን እንደሆነ ልነግራት ብሞክር «ላይክ ኤ ባር?» ትለኛለች።

አባዬ አለ። እኔ ነርስ ሆኜ የምሠራበት መጦሪያ ውስጥ ነው ያለው፤ በእረፍቴ ሰዓት ወደ ክፍሉ እሄዳለሁ። ባለፈው ሰኞ ጥፍሩን እየቆረጥኩለት ሳለ፣ ቀኝ እጁ እጄ ውስጥ እንዳለ፣ «ያ ሽማግሌ በሩን ይዞልኝ ነበር። ይቅር በይኝ ማለት ፈልጌ ነበር እኮ፤ ንገሪልኝ» አለኝ።

እማዬ መሞቷን ያውቃል። ቀብሯ ላይ ከኋላ ቆሞ ነበር። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለትና ግራውን ተቀበልኩት።