ቀስ ብሎ የመሄድ ሥራ

ደላላ የትም አገር ያው ደላላ ነው። ሚስተር ክሮል መኪናውን ከመንገዱ ጥግ አቁሞ ሰማያዊውን የልጅ ጋሪ አወረደላትና፣ «ቀስ እያልሽ እስከ ጫፍ ደርሰሽ ተመለሺ። ከማንም ጋር አታውሪ» አላት።

«ድንጋይ ቢወረውሩብኝስ? ልጄን ይዤ እኮ ነው!»

«አይወረውሩም፣ ይሸጣሉ!» ብሎ ሳቀ።

ቨርኔል አልሳቀችም። እ.ኤ.አ. በ1962 ከቺካጎ ወጣ ባለው በዚያ ሰፈር አንድም ጥቁር አይኖርም ነበር። ጥቁር እናት ልጇን ስታንሸራሽር ከታየች ግን ነጮቹ «መጡብን!» ብለው ቤታቸውን በርካሽ ይጥላሉ፤ ክሮል ይገዛና ለጥቁሮች በእጥፍ ይሸጣል። ቨርኔል ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን ምን ታድርግ! ከባሏ ከኦቲስ ጋር የሚኖሩባት አንዲት ክፍል አይጥ የሚፈነጭባት ናት፤ ክሮል ደግሞ «ከሚለቀቁት አንዱ ያንቺ ነው» ብሏታል።

ጋሪውን ገፋች። አንዱ ጎማ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሣር የሚያጭድ አንድ ሰውዬ ማሽኑን አጠፋ። አንዲት እናት ልጆቿን እየጎተተች አስገባች።

«አንቺ! የማንን ልብስ ልታጥቢ ነው?» አለ አንድ ጎረምሳ ከበረንዳ ላይ።

ላቧ በጀርባዋ ወረደ። መሮጥ አማራት፤ የተቀጠረችው ግን ቀስ ብላ እንድትሄድ ነው። ከአንድ አረንጓዴ በር ፊት ስትደርስ ሳታስበው ቆመች። የፖም ዛፍ ያለው ግቢ ነው። ከአጥሩ ማዶ፣ በጎረቤቱ ግቢ፣ አበባ የሚያጠጡ አሮጊት ጋሪውን አፍጥጠው አዩት። ፊቷን ያን ቀን ማንም አላየውም።

በዓመቱ አረንጓዴ በር ያለው ቤት የቨርኔል ሆነ፤ በእጥፍ ዋጋ። ነጮቹ ሰፈሩን ነቅለው ሲወጡ ያልሄዱት እኚያ አሮጊት፣ ወይዘሮ ሃልቨርሰን፣ ብቻ ነበሩ። የፖም ኬክ ጋግረው አመጡላት፤ ልጇን አቀፉላት። ቨርኔል ወደደቻቸው። ስለወደደቻቸውም ጋሪውን ምድር ቤት ደበቀችው።

ሁለተኛ ልጅ ስትወልድ ኦቲስ ምኑንም ሳያውቅ ጋሪውን አውጥቶ በግቢው ገፋው። ሲጥ ሲጥ አለ። ወይዘሮ ሃልቨርሰን ከአጥሩ ማዶ ቀና አሉ።

«አንቺ ነበርሽ» አሉ አሮጊቷ። «ይህ የእህቴ ቤት ነበር። በዚያው ሳምንት ሸጣ ሄደች።»

«አዝናለሁ፣ ወይዘሮ ሃልቨርሰን። ክሮል ቀጥሮኝ ነበር።»

«እዚህ ጋ ስትቆሚ ቤት የምትመርጪ መስሎኝ ነበር።»

«እመርጥም ነበር» አለች ቨርኔል።

አሮጊቷ ወደ ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ የክሮል መኪና ከደጃፋቸው ቆሞ ነበር።