ቴሌቪዥን ማስከፈት

አባቴ ከሞተ በኋላ ሆሎዌይ ያለው የእናቴ ቤት ቴሌቪዥን እንደተዘጋ ቀረ። መዘጋቱ አይደለም የገረመኝ። እኛ ዘንድ ቤት ውስጥ ሐዘን ከገባ ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ ጎረቤት ሲሞት እንኳ ድምፅ ይቀነሳል። ያስጨነቀኝ፣ አርባው ወጥቶ፣ ሰማንያው አልፎ፣ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደየሥራው ከተመለሰ በኋላም እናቴ ያንን ጥቁር መስታወት እያየች መቀመጧ ነው። ከሥራ ስወጣ ከፊንስበሪ ፓርክ አውቶቡስ ይዤ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። በሩን ትከፍትልኛለች፣ "በላሽ?" ትለኛለች፣ ከዚያ ተመልሳ ሶፋው ጫፍ ላይ እጇን አጣምራ ትቀመጣለች። ሳላስበው እኔም እዚያ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ማውራት ጀምሬ ነበር።

"እማዬ፣ ልክፈትልሽ?" እላታለሁ።

"ለማን ብለሽ?" ትላለች።

ይቺን "ለማን ብለሽ" ፈራኋት። እናቴን በሕይወት እያለች የማጣት መስሎኝ ነበር፤ ሌላ አባባል የለኝም።

ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥን የአባቴ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በፊት እግር ኳስም ያይ ነበር፣ አንዳንዴም የእንግሊዞቹን ቀልድ ግማሹ ሳይገባው ከእኛ ጋር ይስቅ ነበር። ምርጫው ተበላሽቶ ሰው መሞት ሲጀምር ግን በረንዳው ላይ ዲሽ አስተከለና የዜና ሰው ሆነ። ከሥራ እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ ዜና። ስንት ሰው ሞተ፣ ማን ታሰረ፣ ማን ምን አለ። እናቴ አጠገቡ ትቀመጣለች። አንድም ቀን "ቀይረው" ስትለው ሰምቼ አላውቅም። ዜናው ሲያልቅ "እግዚኦ" ብላ ትነሳና እራት ታቀርባለች።

ዲሹ ዝናብ ሲዘንብ ምስሉን ያጠፋ ነበር፤ ለንደን ደግሞ መቼ ሳይዘንብ ቀርቶ። በኋላ ኢንተርኔት የሚስብ ቴሌቪዥን ገዛሁለትና በየወሩ የሚከፈልበትን የፊልም አገልግሎት አስገባሁለት። "አባዬ፣ ዓለም ላይ ያለ ፊልም ሁሉ እጅህ ላይ ነው" አልኩት። ሳምንት ሳይሞላው ሪሞቱን ከእኔ በላይ ቻለበት። የሚያየው ግን ያንኑ ነው፤ ዜና፣ የዜና ትንታኔ፣ ሲደክመው ደግሞ የጦርነት ዘጋቢ ፊልም። ድሮ ዜና ሰዓቱ ሲደርስ ያልቅ ነበር። ይኼኛው ግን አንዱ ሲያበቃ ሌላውን ራሱ ይቀጥላል። እናቴ "እግዚኦ" የምትልበት ቦታ ጠፋት፤ እራት እየተበላም ሰው ይሞታል።

እኔ ሰው ምን እንደሚያይ ማወቅ እወዳለሁ። መጥፎ አመል ነው፣ ግን እስካሁን ማንንም አልጎዳም። አውቶቡስ ላይ ሁልጊዜ ፎቁ ላይ የምወጣው ለዚሁ ነው። ለንደን እንደመጣን ሰሞን ሲመሻሽ የሆሎዌይ መንገድ መስኮቶች አንድ ላይ ሰማያዊ ይሆኑና አንድ ላይ ይጨልሙ ነበር፤ ሁሉም አንድ ድራማ ስለሚያይ። በማግሥቱ ሥራ ቦታ ስለዚያው ይወራል፤ የእንግሊዝኛዬን ግማሽ የተማርኩት ከዚያ ወሬ ነው። አሁን መስኮቱ ሁሉ በየራሱ ቀለም ይበራል። ምን እንደሚያዩ መገመት ስለከበደ ይበልጥ አንገቴን አሰግጋለሁ። በዚያ የሐዘን ወራት ታዲያ ወደ እናቴ ፎቅ ቀና ስል መስኮቷ ምንም ቀለም የለውም። አንድ ቀን እንዲህ ቀና ብዬ እያየሁ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፦ ለመሆኑ እናቴ ምን ማየት ትወዳለች? የማላውቀውን ሰው መስኮት እየሰለልኩ የምዞር ሴት፣ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ሶፋ ላይ አብሬያት ተቀምጬ የእናቴን አላውቅም። እንቅልፍ ነሳኝ ብል አልዋሸሁም።

ጥቁር ልብስ በገዛ እጅ አይወለቅም፤ ሽማግሌ መጥቶ "በቃሽ" ብሎ ያስወልቃል። ቴሌቪዥንም እኛ እድር ውስጥ እንዲሁ ሆኗል። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ልማድ ይሁን እዚሁ ያወጣነው ማንም አያውቅም። የእድሩ ዳኛ ሐዘንተኛው ቤት ምሳ ይበሉና፣ ይመርቁና፣ ተነስተው ቁልፉን ይጫናሉ። የመጣው ይመጣል። አንድ ጊዜ ሃክኒ፣ ባሏ የሞተባት የእናቴ ጓደኛ ቤት ሲከፈት የአየር ትንበያ ነበር፤ ሰውየው ነገ ዝናብ ነው ሲል ሁላችንም "አሜን" አልን። ሌላ ቤት የውሻ ውድድር መጣ። አንዱ ውሻ ባለቤቱን ጥሎ ሲሮጥ ሐዘንተኛዋ በሳቅ ፈረሰች፣ ማንም አልታዘባትም። እሷ አልመረጠችውማ።

እናም ዳኛውን ለመንኳቸው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሳቸውም፣ የእናቴ ንስሐ አባትም፣ ያቺ የሃክኒዋ ጓደኛዋ እትዬም መጡ። ምሳ ተበላ። እትዬ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጠላ አምጥታ ጥቁሩን በገዛ እጇ አንስታ አለበሰቻት። እናቴ እንደ ሕፃን ዝም ብላ ለበሰች። ከዚያ ዳኛው ተነሱ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ "በስመ አብ" ብለው ሪሞቱን ተጫኑ።

አየር ትንበያም ውሻም አልመጣም። ስክሪኑ መሐል ላይ አንዲት የተሳለች ክብ ፊት ብቻ መነጽር አድርጋ ትስቃለች። ከሥሯ እኔው ራሴ የጻፍኩት "አባዬ" የሚል አለ። ከላይ ደግሞ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ።

"ምንድን ነው የሚለው ልጄ?" አሉ ዳኛው፣ እጃቸው አየር ላይ እንደቀረ።

"ማን ነው የሚያየው ነው የሚለው፣ ጋሼ።"

እናቴ ያቺን ፊት ትኩር ብላ ታያለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያወጡን ንስሐ አባቷ ናቸው።

"አዲስ ፕሮፋይል አስገቢላት እንጂ" አሉ። "መደመር ምልክቱን ክሊክ አድርጊው። እዚያ ጋ፣ በስተቀኝ።"

አባታችን ይህን ከየት አወቁት ብዬ ዞር ስል ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ። ምን ያዩ ይሆን? እስከ ዛሬ ይበላኛል።

"እማዬ" ብዬ ጻፍኩ። ከተደረደሩት ፊቶች እናቴን የሚመስል ስላልነበረ ድመቷን መረጥኩላት። ወዲያው ስክሪኑን የፊልም ሥዕሎች ሞሉት፤ ጠመንጃ የያዘ፣ የሚሳሳም፣ ከሕንፃ የሚዘል። ዳኛው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ጠበቁ።

"እሺ፣ ይምጣ" አሉ።

"ራሱ አይመጣም ጋሼ። መምረጥ አለብን።"

"ማን?"

"እኛ።"

ሪሞቱን ለአባታችን ሰጡ። አባታችን ለእትዬ ሰጡ። እትዬ ለእኔ ወረወረችው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ የድሮው ቴሌቪዥን የመጣውን አምጥቶ ኃላፊነቱን ራሱ ይወስድ ነበር። አሁን በሰው ሐዘን ቤት ውስጥ ሳቅን ወይ ልቅሶን የሚመርጠው ሰው መታወቁ ነው። እኔም ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ስንፈራራ ስክሪኑ ጠብቆ ጠብቆ ሰለቸውና ፎቶ ማሳየት ጀመረ። ተራራ፣ ሐይቅ፣ ደግሞ ሌላ ተራራ።

"ይኼ ጥሩ ነው" አሉ ዳኛው። "ረጋ ያለ ነው። ይኼው ይሁን።"

ተራራውን በአክብሮት አየን። ሐይቁን አየን። ከብዙ ጊዜ በኋላ እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ተዋናዮቹ መቼ ነው የሚወጡት?" አለችኝ። ፊልም አለመሆኑን፣ ቴሌቪዥኑ ሥራ ሲፈታ የሚያሳየው ፎቶ መሆኑን ስነግራቸው እትዬ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፣ አባታችንም ሳል አስመስለው ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ጨዋታችን ሁሉ አጠገቧ አልፎ ይሄዳል። ዛሬ እንዲህ ከተበተንን ማንም ሁለተኛ አይሞክረውም ብዬ ሰጋሁ።

"እማዬ" አልኳት፣ "አንቺ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?"

"እኔ?"

"አንቺ።"

ስለ ሌላ ሴት የተጠየቀች ይመስል አየችኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ሐዘኑንም ሽማግሌዎቹንም ረስቻለሁ፤ መልሷን መስማት ብቻ ነው የፈለግሁት። መዝሙር ትላለች ብዬ ነበር። አባታችንም እንደዚያው የጠበቁ ይመስለኛል።

"ሰው የማይሞትበት አለ?" አለች።

"አለ እንጂ!" አልኩ ፈጠን ብዬ። በሺህ የሚቆጠር ፊልም አለ፣ ይኼ ሊጠፋ?

የፍቅር ፊልም ፈለግሁላት። "ውይ፣ ይኼንን አይቼዋለሁ" አለች እትዬ፣ "መጨረሻ ላይ ልጅቷ በካንሰር..." ብላ ምላሷን ነከሰች። ኮሜዲ ከፈትኩ፤ ሲጀምር ቀብር ላይ ነው። አባታችን የቅዱሳን ታሪክ ይሁን አሉና ትንሽ አሰብ አድርገው "ለነገሩ እነሱም ሰማዕታት ናቸው" ብለው ተዉት። ዳኛው "የዱር አራዊት! ሰርች አድርጊ የዱር አራዊት!" አሉ። አንዲት የሚዳቋ ግልገል ሣር ትግጣለች፣ ከሣሩ ኋላ ሁለት ጆሮ ብቅ አለ። እናቴ በአዲሱ ነጠላ ዓይኗን ሸፈነች።

"ሰው እኮ አይደለችም" አሉ ዳኛው።

"ልጅ ናት" አለች እናቴ።

አጠፋሁት። ዳኛው ከሶፋው ተነስተው ስክሪኑ ሥር መጡ፣ እትዬ መነጽሯን አወጣች፣ አባታችን "ወደ ታች ስክሮል አድርጊው፣ ታች ነው ደህና ደህናው" ይሉኛል። ሁላችንም ሰው የማይሞትበት ነገር ፍለጋ ገባን። እስከዚያ ቀን አስተውዬው አላውቅም ነበር፤ ሰው ከሥራ ደክሞ ገብቶ፣ ሻይ ይዞ፣ እግሩን ሰቅሎ የሚያየው ለካ ይኼንን ነው። አንዱ ሲገደል፣ ሌላው ገዳዩን ሲፈልግ። እናቴ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት እውነተኛውን ስትሰማ ኖራለች።

በመጨረሻ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ውድድር አገኘን። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሌሎቹም እንዲሁ። ስለሚወዱት ነው የሚሠሩት።

"ያን ያህል ተምረው ሸክላ?" አሉ ዳኛው።

"ለመዝናናት ነው እኮ ጋሼ" አለች እትዬ።

"በጭቃ?"

"የዚያ ሰውዬ ማሰሮ አንገቱ ቀጥኗል" አለች እናቴ። "ይሰነጠቃል።"

ሁላችንም ዞር ብለን አየናት። እሷ አላየችንም። ከሶፋው ጫፍ ወደፊት ተስባ አገጯን እጇ ላይ አድርጋለች። ማሰሮው እሳት ገብቶ ሲወጣ ተሰንጥቋል፤ "አላልኩም?" ብላ ጭኔን መታችኝ። ለካ እናቴ የሰው ሥራ ማየት፣ ማማት፣ መፍረድ ትወዳለች። ደስ አለኝ። እንዲያውም ነርሷ ስለሠራችው የሻይ ጀበና ከዳኛው ጋር ክርክር ገጠመች፤ እሳቸው ጡቱ አጥሯል ሲሉ እሷ ልጅቷ ቸኩላ ነው እንጂ እጅ አላት ብላ ቆመችላት።

ከዚያ ተወዳዳሪዎቹ ተሰለፉ፣ የነርሷ ስም ተጠራ። ነርሷ ፊቷን በጭቃማ እጇ ሸፍና አለቀሰች። ሌሎቹም እያለቀሱ አቀፏት። እናቴ እጄን ያዘች።

"ምን ሆነች?"

"ተሸንፋ ነው እማዬ። ልትሄድ ነው።"

"ወዴት?"

አጠያየቋን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አባቴ ከዚህ ቤት የወጣው በቃሬዛ ነበር። የአምቡላንስ ሰዎቹ ተሸክመውት ሲወጡ ለእናቴ ቦታ ስላልነበረ ሊፍቱ በፊቷ ላይ ተዘጋ፤ ከሆስፒታል ደግሞ አልተመለሰም።

"ወደ ቤቷ" አልኳት።

"በእግሯ?"

"በእግሯ።"

ነርሷ ሽርጧን ፈታች፣ ካፖርቷን ደረበች፣ ጀበናዋን አቅፋ ከውድድሩ ግቢ ወጣችና በዛፎች መሐል ባለው መንገድ ሄደች። ነርሷ ከዓይኗ እስክትጠፋ ድረስ እናቴ አየቻት።

"ቤቷ ስትገባ ያሳያሉ?"

"አያሳዩም እማዬ" ልላት ስል ጉንጬ ረጥቧል። የማለቅሰው እኔ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው።

"ትገባለች" አለችኝ እናቴ፣ በሰማያዊው ጥለት ፊቴን እየጠረገች። "አይዞሽ፣ ትገባለች። በይ የሚቀጥለውን ክፈቺው።"