በሁዳዴ ወተት የገዛች ሴት

እትዬ አስካለች ስትፆም እንደኛ አይደለም። እኛ ስድስት ሰዓት እስኪሞላ ታግሠን ሽሯችን ላይ እንወድቃለን፤ እሷ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ውኃ እንኳ በጉሮሮዋ አይወርድም። ያውም ቀኑን ሙሉ የነጋዴ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብላ ቡና ስትለቅም እየዋለች፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ከደህናው እየለየች፣ አቧራው እያነቃት፣ በባዶ ሆዷ! በከተማችን በአማን ስለ ፆም ከተነሣ መጀመሪያ የሚጠራው የሷ ስም ነበር። እንግዲህ ገደፈች ተብሎ የተወራው በዚህች ሴት ላይ ነው። እኔ ሰርካዲስ፣ ግድግዳ የምጋራት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ፣ እውነቱን አውቅ ነበር። ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

መጋዘኑ ውስጥ አንዲት ድመት ነበረች። በደብረ ዘይት ማግሥት፣ ሁዳዴው እኩል ሲሆን፣ ባለመጋዘኑ ባስቀመጠው መርዝ የሞተ አይጥ በላችና እሷም ሞተች። ከጆንያው ክምር ሥር ዓይናቸው ያልተገለጠ አራት ግልገሎች ተገኙ። ባለመጋዘኑ «አውጥታችሁ ጣሏቸው» አለ። እትዬ አስካለች በነጠላዋ ቋጥራ ቤቷ ይዛቸው መጣች።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አልኳት።

«አንቺን ምን አገባሽ?» አለችኝ። አነጋገሯ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ለሰው አታጎበድድም። ክፉ ግን አይደለችም።

የከብት ሐኪሙን ባስልኤልን ሄዳ ጠየቀችው። «የላም ወተት አሙቂና የእንቁላል አስኳል ጨምሪበት። መርፌ በሌለው ስሪንጅ በየሦስት ሰዓቱ ስጫቸው። ከጠጡ በኋላ ከጭራቸው ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠራርጊ፤ እናትየው በምላሷ ካላሸቻቸው ሽንታቸው አይወጣም» አላት። ያለውን ሁሉ አደረገች። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ እየሞላች፣ በጨርቅ እየጠቀለለች፣ ካርቶን ውስጥ አጠገባቸው ታስተኛላቸው ነበር። ሥራ ስትሄድ ካርቶኑን ይዛ ትሄዳለች፤ በአንድ እጇ ቡና ትለቅማለች፣ በሌላው ታጠባለች። አንዱ በማግሥቱ ሞተ፤ ሦስቱ ግን ሆዳቸው እየተነፋ መጣ።

የትንሿ ዓይን የተገለጠ ቀን ጠራችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከዚያ ሳልጠይቃት ታሪኳን ትነግረኝ ጀመረች። ወላጆቿ ከወሎ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ እሷ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። «መንገድ ላይ እናቴ ወንድ ወለደች» አለችኝ። «ጡቷ ደረቀ። ስም እንኳ ሳይወጣለት፣ እጄ ላይ አፉን እንደከፈተ ሞተ። አንድ ኩባያ ወተት የሚሰጥ ሰው ጠፋ!» እኔም አለቀስኩ። ማልቀስማ ማን ያቅተዋል!

ወተቱን ትገዛ የነበረው ከሀይደር ሱቅ ነው። በየጠዋቱ ግማሽ ሊትር ወተትና አንድ እንቁላል በእጇ ይዛ፣ ሳትሸፍን፣ በዋናው መንገድ። በሁዳዴ! እንኳን አማን፣ ጎረቤት ከተማ ሚዛን ድረስ ተሰማ። «ለድመት ነው በያቸው እንጂ» ብላት፣ «ማን ጠየቀኝ? የጠየቀኝ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አለች። የሚያማ ሰው መቼ ይጠይቃል?

የኒቆዲሞስ እሑድ የሰንበቴው ተራ የሷ ነበር። ዳቦዋን ተሸክማ መጣች። ቄሱ ባርከው ሲሄዱ የሰንበቴያችን ሙሴ፣ ማለት መሪያችን፣ ወይዘሮ ማናልሞሽ ሞሰቡን አይታ፣ «የገደፈ እጅ ያቦካውን እኔ እንኳ አልቀምስም» አለች። ሌላውም እጁን ሰበሰበ። እትዬ አስካለች ዞራ አየችኝ። ሌላ ማንንም አላየችም፤ እኔን ብቻ።

አንድ ቃል በቂ ነበር። «ለድመት ነው» ማለት ብቻ! ግን የማናልሞሽን የፋሲካ ቀሚስ የምሰፋው እኔ፣ የልጆቿንም የምሰፋው እኔ። ሰንበቴው ፊት እሷን አዋርጄ በየት አባቴ ልሂድ? ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ይምጣና ይየኝ። ዳቦው ሳይቆረስ ተመለሰ።

ማታውኑ በሬን አንኳኳች። ሰው ለምና የማታውቅ ሴት ልመናዋን እንደ ትእዛዝ ነው የተናገረችው። «ነገ ወተቱን አንቺ ግዢልኝ። እኔ ከእንግዲህ አልችልም።»

«እትዬ፣ እኔንስ ምን ይሉኛል?» አልኳት።

ቆማ አየችኝና ሄደች።

በማግሥቱ ደጃፏ ላይ ሱፍ ስትወቅጥ አገኘኋት። በውኃ በጥብጣ፣ በነጠላ ጫፍ አጥልላ፣ ነጩን ጭማቂ ስሪንጁ ውስጥ ሳበች። ለፍትፍታችን የምናዘጋጀውን የፆም ሱፍ ለግልገል!

«ለነሱ ይሆናል?» አልኳት።

«እኛን ስንት ሁዳዴ አሻግሮን የለ?» አለች። ራሷም አላመነችበትም፤ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። ባስልኤልን ልጠይቅልሽ ማለት ይቻል ነበር። ቀሚስ ነበረብኝ፤ ገባሁ።

ያን ሳምንት ከግድግዳው ማዶ ሲጮኹ ሰነበቱ። ከሆሳዕና በኋላ ጩኸቱ ቀነሰ፣ ቆይቶም ጠፋ። ጠግበው ነው አልኩ። እግዜር ያውቃል፣ እንደዚያ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አንድ ቀን እንኳ በሯን አላንኳኳሁም።

ቅዳም ስዑር ቀሚሱን ሳስረክብ፣ ሒሳቤን ከተቀበልኩ በኋላ፣ አዎ ከተቀበልኩ በኋላ፣ ለማናልሞሽ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። «ውይ በሞትኩት! ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ!» አለች። በፋሲካ ጠዋት አንድ ሊትር ወተት አስይዛ ላከችኝ።

እትዬ አስካለች በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችው። «እንኳን አደረሰሽ» አልኳት። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለች። ወተቱን ዘረጋሁላት።

«ወይዘሮ ማናልሞሽ ናት የላከችው፣ ለግልገሎቹ። ሳላውቅ ነው፣ ይቅር በይኝ ብላሻለች።»

ጠርሙሱን አልነካችውም። «ሱፉ አስቀመጣቸው» አለች። «ሁለቱ ለሆሳዕና አጥቢያ ሞቱ። ትንሿ እስከ ሐሙስ ቆየች።»

«ታዲያ ምን ልበላት?» አልኳት።

«ሳይገድፉ ሞቱ በያት» አለችና በሩን ዘጋችው።

ለማናልሞሽ መልሼ እንዳልወስደው አፈርኩ፤ እንዳልደፋውም አሳሳኝ። ቤቴ ገብቼ አፈላሁት። ሃምሳ አምስት ቀን ፆሜ አይደል? ጠጣሁት፣ ጣፈጠኝም።