የቀይዋ መኪና ሞላ

ባለፈው ሳምንት ወደ ወሎ ሰፈር ለመሄድ ታክሲ ይዤ በካዛንቺስ አለፍኩ። ድሮ ደጃችን የነበረው ቦታ ስንደርስ፣ ያንን ከልጅነቴ የማውቀውን ጉድጓድ ጠብቄ ወንበሩን ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ። ጉድጓዱ የለም። ቤቱም፣ አጥሩም፣ ጎረቤቱም የለም፤ ሰፊ አስፋልት ብቻ። መንገዱስ ያምራል፣ አልዋሽም። ምነው ያኔ በሆነ ኖሮ ማለቴ ግን አልቀረም።

አባቴ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ያረጀች ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና ነበረችው። እናቴ ሙሽራ ሆና የመጣችው በእሷ ነው። እኔ ማትሪክ ባለፍኩበት ዓመት እናቴ በአጥንት በሽታ አልጋ ያዘች። ሕመሙ ቀንም ሌትም እንቅልፍ ነሳት። እኔ ካለፍኩ ለቂርቆስ ጃንጥላ ልታስገባ ተስላ ነበርና፣ የጥር ንግሥ ሲቃረብ "በገዛ እጄ ነው የማስገባው" ብላ ድርቅ አለች።

"በሙሽርነትሽ መኪና እወስድሻለሁ" አላት አባቴ።

"በዚያች ጋሪ? ሳልደርስ ትጨርሰኛለች!" ብላ ሳቀች። ሳቁ ራሱ አመማት።

እውነቷን ነበር። ሾክ አብዞርበሩ ዘይት ያንጠባጥባል፣ መንገጫገጩን የሚያበርደው ሞላም ደክሟል። ላንቻ ወዳለ ጋራዥ ወሰድናት። መካኒኩ ይርጋ፣ የሰፈራችንን ጉድጓድ አስቦ፣ ከፍ እንድትል የሚኒባስ ሞላ ገጠመላት። አባቴ በእናቴ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጭኔ ላይ አስያዘኝ። ገና ከላንቻ ሳንወጣ ቀሚሴ ራሰ።

"ጋሼ፣ ስፖርት መኪና እኮ ናት፤ ጠንከር ስትል ነው የሚያምርባት" አለ ይርጋ።

"ውድድር አልገባባትም። የታመመች ሚስቴን ነው የምይዝባት።"

ይርጋ የሚኒባሱን ሞላ መልሶ ፈታው። ከቤት መኪና የወጣ ለስለስ ያለ ሞላ ፈልጎ፣ ከአዲስ ሾክ አብዞርበር ጋር ገጠመው። ደግመን ሞከርን። ቂርቆስ ስንደርስ ውሃው ከብርጭቆው አፍ አላለፈም። አባቴ ተቀበለኝና ግጥም አድርጎ ጠጣው።

የንግሡ ዕለት ጠዋት እናቴ እጄን ያዘችኝ። "ደክሞኝ ብታዪ እንዳታዝኚልኝ። ጎትተሽም ቢሆን አውርጂኝ፣ እሺ?" እሺ አልኳት። መኪናዋ ለሦስት አትሆንምና ጃንጥላውን ይዤ በእግሬ ቀደምኩ።

በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቧራው፣ ሸንኮራው፣ ግፊያው ሌላ ነው። ቀይዋ መኪና መጣች፤ ዝግ አለችና አለፈች። ዞራ መጣች፣ አሁንም አለፈች። ምን ሆኗል ይሄ ሰውዬ! ታቦቱ ሊገባ ነው እኮ! ስትመለስ ሮጬ መስኮቷን ያዝኩ።

እናቴ በአባቴ ትከሻ ላይ ደገፍ ብላ ታንኮራፋለች። ያ ሁልጊዜ የሚቋጠር ግንባሯ ተፈቷል።

"ከካዛንቺስ ከተነሳን ጀምሮ ተኝታለች" አለኝ አባቴ በሹክሹክታ። "ምን ላድርግ፣ ልጄ?"

አባቴ ምን ላድርግ ብሎኝ አያውቅም። ከኋላዬ እልልታው ደመቀ። ቃል ገብቻለሁ። ግን ያንን ፊት ማን ይቀሰቅሳል?

"ዙር፣ አባዬ" አልኩት።

ጃንጥላውን በክርስትና ስሟ አስገባሁላት። ስትነቃ ታቦቱ ገብቶ፣ ሕዝቡም ተበትኖ ነበር።

"ገባ?"

"ገባ፣ እማዬ። ጃንጥላውንም በስምሽ አስገባሁት።"

ቁጣዋን ጠበቅኩ። ትክ ብላ አየችኝና "እልል አልሽልኝ?" አለች።

"ድምፄ እስኪዘጋ።"

"ጎሽ" አለች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ፣ "እንግዲያው ቶሎ ቤት አትመልሰኝ፤ ትንሽ ልተኛ።"

ፋሲካን ሳታይ አረፈች። ሰው መንገዱን ማቃናት ሲያቅተው መኪናውን ያለሰልሳል፤ አባቴ የቻለው ይህንኑ ነበር፣ አደረገውም። እኔም ቃሌን በማፍረሴ እስከ ዛሬ አልጸጸትም።

ወሎ ሰፈር ስንደርስ ሾፌሩ መኪናውን አቆመ። "ደርሰናል፣ እማማ።"

"አንዴ በካዛንቺስ ዙርልኝ።"

"ምነው፣ የረሱት ነገር አለ?"

"የረሳሁትስ የለም፣ የኔ ልጅ። ዝም ብለህ ዙር" አልኩትና ራሴን ወንበሩ ላይ አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ።