በጥላሸት የቀባነው መኪና

ትናንት የጎረቤቴ ልጅ አሮጌ መኪናውን ግቢው ውስጥ ራሱ ሲቀባ የቀለሙ ሽታ በመስኮት ገባ። ሥራዬን ትቼ ተቀመጥሁ።

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ታቦር ስንኖር የእናቴ ወንድም የጣሊያኖች ሹፌር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ነጭ መኪና ይዞ ጓሯችን ገባና፣ «ጉና ላሉት አርበኞች ላደርሰው ነው። እንዲህ ነጭ ሆኖ ግን አይሮፕላን ከሩቅ ያየዋል» አለ። ቀለም ከየት ይመጣል? ከማድቤቱ ጣሪያ ጥላሸት አራግፈን በኑግ ዘይት ለወስንና አያቴ፣ እናቴና እኔ በጨርቅ ቀባነው።

አያቴ በሩን እየቀቡ፣ «ልጄ፣ ይህ ቶሎ አይደርቅም» አሉት።

«እየሄድሁ ይደርቃል። አንቱ ብቻ ይጸልዩልኝ» አለና ሳይመሽ ወጣ።

እጃችንን በአመድ ብናሸው ጥቁረቱ አልለቅ አለ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አያቴ የቤቱን ድስት ሁሉ ደጅ አወጡና፣ «ቁጭ ብላችሁ ፈትጉ። ለጠየቀ ሁሉ ድስት ስናጥብ ነው» አሉን።

ብዙም ሳይቆይ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ መኪናውን ፍለጋ መጣ። ድስቶቹን አየ። ከዚያ የእኔን መዳፍ ይዞ አሸተተው። ኑግ ኑግ ይላል። እናቴ መፈተጉን አቆመች። ሰውየው አያቴን ትክ ብሎ ሲያያቸው ቆየና ለወታደሮቹ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናግሮ ይዟቸው ሄደ።

ምን እንዳላቸው አላወቅንም። አጎቴም አልተመለሰ፣ ሞተም የሚል አልመጣ። አያቴ ግን እስኪሞቱ ድረስ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ይደብቁ ነበር።