የአጎቴ ይመር ውጅግራና የቆሰለው ከርከሮ

ባለፈው ጥቅምት ከመቐለ ወደ ራያ ስንወርድ፣ መሖኒን አልፈን ሜዳውን እንደያዝን፣ አንዲት ከርከሮ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ አስፋልቱን አቋረጠች። ግልገሎቿም ትንንሽ ጅራታቸውን አቁመው ከኋላዋ ተከታትለው ማሽላው ውስጥ ገቡ። መኪናውን የሚነዳው ልጄ ፍሬን ይዞ ሳቀ።

«አባ፣ አየሃቸው? አንቴና ተክለው እኮ ነው የሚሮጡት!»

እኔ አልሳቅሁም። እጄ የበሩን መያዣ ጨብጧል፤ እግሬም ፍሬን የፈለገ ይመስል ወለሉን ረግጦ ቀርቷል። ልጄ ዞር ብሎ አየኝና «ምነው?» አለ።

«ምንም። ንዳ፣ ቀኑ ሳይገፋ እንድረስ» አልኩት።

የምንሄደው ለለቅሶ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም ይመር ሲያርፍ እኔ ታምሜ ስለነበር ለቀብሩ አልደረስኩም። መንገዱን ሙሉ ስለ እሱ ሳስብ የመጣሁት የእርጅናውን ነበር፤ ከዘራውን፣ ሳሉን። ከርከሮዋን ካየሁ በኋላ ግን ወጣቱ ይመር መጣብኝ፤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስደግፎ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ላቡ ከአገጩ ሲንጠባጠብ።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። ከደርግ ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባቴ ከወሎ መጥቶ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል፤ እኔ ከሮማናት አደባባይ ብዙ በማይርቅ ቶርኖ ቤት ብረት እቆርጣለሁ። አባቴ ሱቁን እንድረከበው ይፈልጋል፤ እኔ ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ዘመኑ ሰው ሁሉ የሚነሣበት ዘመን ነበር። ከሱዳን የሚመለስ አለ፣ ወደ ጅዳ የሚሄድ አለ፣ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ ብሎ ቤቱን ዘግቶ የሚጠፋ አለ። እኔ ብቻ የተተከልኩ ይመስለኛል። ከሥራ ስወጣ እስከ ሮማናት እሄዳለሁ፣ አደባባዩን እዞራለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ቤት ደርሼ ጫማዬን ሳላወልቅ ደግሞ እወጣለሁ። እናቴ «ይህን ልጅ መሬቱ ያቃጥለዋል እንዴ?» ትል ነበር።

እዚያው ቶርኖ ቤት በብየዳ የሚሠራ ኪሮስ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ታጋይ የነበረና የተሰናበተ፣ የመሖኒ አካባቢ ልጅ ነው። ጦርነቱን ስጠይቀው ስለ ምግብ ብቻ ያወራኛል። እሱም እንደ እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም።

አንድ ቀን፣ ማሽላ እሸት በሚሆንበት ወቅት፣ ከራያ እህል ጭኖ የመጣ ሾፌር ከይመር የተላከ መልእክት ነገረኝ። «ከርከሮ ማሽላዬን ጨረሰው። ያን ታጋይ ጓደኛህን ይዘህልኝ ና» ይላል። ሾፌሩ ተናግሮ ሳይጨርስ ኪሮስ የብየዳ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እንታይ ንጽበ አለና፣ ሰዒዶ ሓወይ? ምን እንጠብቃለን፣ ወንድሜ? ክላሽ ከወንድሜ እዋሳለሁ፤ እሱ ሚሊሻ ነው። ነገ እንውረድ!»

ወረድን። የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን አላጄን ስናቋርጥ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ማይጨው ላይ ትኩስ ዳቦ በሻይ በላን። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ ጃኬታችንን፣ ቀጥሎ ሹራባችንን አወለቅን፤ ሜዳው ላይ ስንደርስ የሸሚዛችን ቁልፍ ተከፍቶ ነበር። አየሩ አቧራና የማሽላ አገዳ ይሸታል።

ይመር ዕድሜው ከእኔ ብዙም ስለማይበልጥ አንተ እያልኩት ነው ያደግሁት። ሚስቱን ሐሊማን ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። የተጠበሰ እሸት በወተት አቀረበችልን። ኪሮስ ጥርሱ እስኪጠቁር ሲግጥ አይታ «ለከርከሮው ነው የመጣችሁት ወይስ ልታግዙት?» አለች፤ ሁላችንም ሳቅን። ይመር ወደ እርሻው ሲወስደን ግን ሳቁ አለቀ። ከዳር ያለው አገዳ ተሰባብሮ ተኝቷል፣ የማሽላው ራስ ተግጧል፣ መሬቱ በማረሻ የታረሰ ይመስል ተገልብጧል።

«በዚህ ከቀጠለ እስከ አጨዳ ምንም አይተርፍም» አለ ይመር። «ልጁ ሲወለድ ምን ላበላ ነው?»

እሱ የነበረው መሣሪያ ውጅግራ ነው፤ ከአያቱ የወረሰው፣ ረጅምና ከባድ፣ ጥይቱ አውራ ጣት የሚያህል አሮጌ ጠመንጃ። ኪሮስ ተቀብሎ እያገላበጠ ሳቀበት።

«ይህን ዛሬም ትተኩስበታለህ?»

«የአንተ ጥይት ያልፋል፤ የእኔ ይቀመጣል» አለ ይመር።

ክርክሩ በአፍ አላለቀም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአጥሩ ላይ ወፋፍራም የቁልቋል ግንዶችን ቆርጠን፣ ከደረቁ ወንዝ ግድግዳ አጠገብ አንዱን ከሌላው ኋላ አቆምናቸው። ኪሮስ ተኮሰ። ጥይቱ ግንዶቹን ሁሉ በትንሽ ቀዳዳ በስቶ ግድግዳው ውስጥ ገባ፤ በጩቤ ብንቆፍር ብንቆፍር አላገኘነውም። ይመር ተኮሰ። ጭሱ ሲገለጥ የመጀመሪያው ግንድ ተበስቷል፣ ሁለተኛው ፈንድቶ ውሃው ይንጠባጠባል፣ ጥይቱ ሦስተኛው ውስጥ ቀርቷል። ፈልፍዬ አወጣሁት። ጫፉ ተደፍጥጦ የጅብ ጥላ መስሏል። ውሎዬ ከብረት ጋር ስለሆነ ነገሩ ደስ አለኝ፤ መምህር ሆንኩባቸው። የኪሮስ ጥይት መዳብ የለበሰ፣ ውስጡ ብረት ያለበት ስለሆነ ቅርጹን ሳይለቅ ያልፋል፤ የይመር ራቁቱን የሆነ እርሳስ ነው፣ ሲመታ ይከፈታል፣ ሲከፈት ይቆማል አልኳቸው።

«እንግዲያ የእኔን ጫፉን ብንሞርደውስ?» አለ ኪሮስ።

«እርሳሱ ወጥቶ ልባሱ አፈሙዙ ውስጥ ቢቀርስ? የሚቀጥለው ጥይት ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ተወው።»

ክላሽ ያልፋል፣ ውጅግራ ይቀመጣል። ይህን እንደ ሕግ ይዘን ገባን።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ማሽላው ዳር ተኛን። ጤዛው ሸሚዜን አርሶት፣ ጥንቅሽ እያኘክሁ፣ አንዴ በዚህ ጎኔ አንዴ በዚያ እገላበጣለሁ። ኪሮስ በክርኑ ነካኝ፤ አርፈህ ተኛ ማለቱ ነው። ፀሐይ ብቅ ስትል አንድ ትልቅ ወንድ ከርከሮ፣ ክራንቻው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ብቻውን መጣ። የይመር ጥይት ጥቂት ስለነበር ኪሮስ ይተኩስ ተባብለናል። ተኮሰ። ከከርከሮው ባሻገር አቧራ ቡን አለ። እንስሳው ግን አልወደቀም፤ ጅራቱን አቁሞ ወደ ወንዙ በረረ።

«ሳትከው!» አለ ይመር።

«ሓቂ እየ ዝብለካ፣ እውነቴን ነው፣ መትቼዋለሁ!»

እውነቱን ነበር። አገዳው ላይ ደም አገኘን፤ ጠብታ ብቻ። ጥይቱ እንደ ወስፌ በስቶት አልፏል። ይመር ደሙን በጣቱ ነክቶ ፊቱ ተለወጠ። «ቆስሏል። ወንዙ ውስጥ ነው የሚሸሸገው። ሴቶች አሸዋውን ቆፍረው ውሃ የሚቀዱት እዚያ ነው» አለ።

ሐሊማን እስክንመለስ ከቤት እንዳትወጣ ነግሯት ነበር። ቢሆንም ልቡ አላረፈም፤ እየሮጠ ነበር የሚከታተለው። ደሙ ይጠፋል፣ ተጎንብሰን እንፈልጋለን፣ ድንጋይ ላይ ነጥብ እናገኛለን፣ እንደገና እንሮጣለን። ፀሐይዋ ከፍ አለች። አሸዋው ጫማዬን ሞላው፤ ለማራገፍ ጊዜ አልነበረም። አንድ ጥግ ላይ ይመር ድንገት ቆመ። ከፊታችን ጀሪካን ከድንጋይ የተጋጨ ድምፅ ሰማን።

ሐሊማ ተኩሱን ስትሰማ ነገሩ ያለቀ መስሏት ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ኖሯል። ወንዙ እዚያ ጋ ይጠብባል፣ ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው። እሷ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ጀሪካኑን ሆዷ ላይ ይዛ ቆማለች። ከርከሮው በእኛና በእሷ መካከል ጎኑን ለእኛ ሰጥቶ፣ አፉ አረፋ ደፍቆ፣ ፊቱን አንዴ ወደ እሷ አንዴ ወደ እኛ ያዞራል። ኪሮስ ክላሹን አነሣ።

«አትተኩስ!» አለ ይመር። «ያልፋል!»

ኪሮስ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ። ይመር ውጅግራውን አነሣ። ሐሊማ አልጮኸችም፤ ከርከሮውን ብቻ የምታይ ይመስል ነበር። ይመር አነጣጠረ፤ አልተኮሰም። ትንፋሹ ይሰማኛል። ክራንቻው ጀሪካኑን ነካ አድርጎ ተመለሰ፤ ውሃው በሐሊማ ቀሚስ ላይ ወረደ። ይመር አሁንም አልተኮሰም።

ጀግንነት ነበር አልልም። እግሬ አንድ ቦታ መቆም እምቢ አለኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ወደ ጎን ዘልዬ ድንጋይ አነሣሁና እየጮህኩ ወረወርኩ፤ ሌላም ወረወርኩ። ከርከሮው ወደ እኔ ዞረ። ያ ትልቅ ራሱ ወደ እኔ ሲመጣ ውጅግራው ጮኸ፣ ወንዙን ጭስ ሞላው። ጭሱ ሲገለጥ ከርከሮው ተንበርክኳል፤ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ሐሊማ ቀስ ብላ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ይመር ጠመንጃውን ጥሎ ወደ እሷ ሮጠ።

ደግፎ ወደ ቤት ወሰዳትና ተመለሰ። ሥጋውን ማናችንም አንበላም፤ ኪሮስ አማትቦ ርቆ ተቀመጠ። እኔ ግን ጥይቱ የት እንደደረሰ ሳላይ መሄድ አልቻልኩም። በጩቤዬ ተከታተልኩት። ከትከሻው ኋላ በሰያፍ ገብቷል፣ አጥንት ሰብሯል፣ ረጅሙን መንገድ አቋርጦ ከወዲያኛው ጎን ቆዳው ሥር እብጥ ብሎ ቆሟል። በጣቴ ነካሁት። ቆዳውን ሰንጠቅ ሳደርገው እርሳሱ መዳፌ ላይ ወደቀ፤ ተደፍጥጧል፣ ግን አልፎ ሊወጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

ይመር ከላዬ ቆሞ አየ።

«ቆዳው ነው የያዘው» አልኩት።

«ባይዞርስ ኖሮ? ጎኑን እንደሰጠኝ ብተኩስስ? ከኋላው እሷ ነበረች።»

እኔ ነበርኩ ይቆማል ብዬ ያስተማርኩት። ቁልቋል አጥንትም የለው፣ ቆዳም የለው፤ ያ ሁሉ ፈተናችን የነገረን ስለ ቁልቋል ብቻ ነበር። ይመር እርሳሱን ከእጄ ወስዶ አሸዋ ውስጥ ቀበረውና «ለእሷ እንዳትነግራት» አለኝ። ቤት ስደርስ ሐሊማ ከርከሮ የነካውን እጄን በአፈር ደጋግማ አሳሸችኝ፤ ካልታጠብክ ምግብ የለም አለች።

ይመር ከዚያ በኋላ አልተኮሰም። እርሻውን በእሾህ አጠረ፣ ማማ ሠርቶ ቆርቆሮ እየደበደበ ጠበቀ፤ ግማሹ ማሽላ ተረፈ። ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። እኔም መቐለ ተመለስኩና እዚያው ቶርኖ ላይ ቀረሁ።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት ለቅሶው ቤት ስንደርስ ሐሊማ ዳሱ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልቅሰን፣ ዱዓ አድርገን፣ ሰው ቀለል ሲል መንገድ ላይ ስላየናቸው ከርከሮዎች ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ እንዲህ አለች።

«ያን ቀን እኔ ፊት ለፊቱ አልነበርኩ? አፈሙዙ ወደ እኔ ነበር። ጥቁሯን ቀዳዳ አይቻታለሁ።»

«እሱ እንዳላየሽ ነበር የሚያስበው።»

«እኔም እንደዚያ እንዲያስብ ነው የተውኩት።»

«እንዴት ሳትጠይቂው ኖርሽ?»

«ምን ብዬ ልጠይቀው፣ ሰዒዶ? ያን ሁሉ ዘመን የተኛሁ እየመሰለው ሌሊት እየተነሣ ትንፋሼን የሚያዳምጥ ሰው ነው። ሲያዳምጥ ዝም ብዬ እተነፍስለት ነበር።»

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ይህን ሳስብ ነበር። ዕረፍት ማጣት የእኔና የኪሮስ ዓይነት ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር፤ የሚሄድ፣ የሚመለስ፣ አደባባይ የሚዞር። ይመር ከዚያች መንደር ወጥቶ አያውቅም። እኛ ስንቀና የኖርነው በእርጋታው ነበር።