ስድስት ሜትር የሚዞርበት ቦታ

ተፈረመ! እውነቴን ነው፣ ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተፈረመ፤ ማኅተሙም አረፈበት። ቀለሙ ሳይደርቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። የማን ወረቀት፣ የምን ፊርማ ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፣ ትንፋሼን ልሰብስብና ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ሰፈራችን ውስጥ ብረት የሚበይድ አንድ ሰው አለ። ሜትሮ እንለዋለን። መለኪያ ሜትሩ ከኪሱ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሆስፒታል የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ የአልጋውን እግር ሲለካ ተይዟል። ይህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራው መንገድ ዳር በተቀመጠ አሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ወርዱ ሁለት ከአርባ። ትልቅ የግቢ በር ሲታዘዝ ኮንቴይነሩ አይችለውም፤ ስለዚህ አስፋልት ዳር አጋድሞ ይበይዳል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ገመዱን ነቅሎ ይሮጣል፣ ሲያባራ ካቆመበት ይቀጥላል።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ አዳራሽ ተገኘለት። ድሮ መጋዘን የነበረ፣ አሥራ ሁለት ሜትር በሃያ፣ ከፊት መኪና የሚያስገባ በር፣ ከኋላ ሌላ በር። አከራዩ ግን አንድ ነገር አስቀመጠ።

«የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪዋ እስከ ሐሙስ ካልፈረመችልህ፣ ዓርብ ለሶፋ ሠሪው ነው የምሰጠው። ተራ ይዞ ቆሟል።»

«ትፈርማለች» አለ ሜትሮ፣ ቀድሞ ያነጋገራት ይመስል።

ማሽን ከማስገባቱ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሊሥል ቆረጠ። በወረቀት ፕላን አያምንም፤ ወረቀት ላይ ማን ተደናቅፎ ያውቃል ባይ ነው። እሑድ ጠዋት ተንበረከከ፣ እኩለ ቀን ላይ ጉልበቱን እያሸ ተነሣ። የመበየጃው ጠረጴዛ እዚህ፣ ብረት የሚነክሰው ሞርሳ ፊት ለፊቱ፣ መቁረጫው ከሞርሳው ጎን፣ የጋዝ ሲሊንደሮቹ ከመቁረጫው ጀርባ፣ ቀለሙ እነሱው ሥር። ከዚያ ድንቢጥን ጠራው።

ድንቢጥ የዘመናት ባልደረባው ነው፤ እሱ የበየደውን የሚሞርድ። ስሙን ያወጣለት ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት፤ ድንቢጥ በር ላይ ሲቆም ቤቱ ይጨልማል።

«እህሳ፣ እንዴት ነው?»

ድንቢጥ ሥዕሉ መሃል ገብቶ ግራ ቀኙን ቃኘ። «አንደኛ! ሁሉም እጄ ሥር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እሠራበታለሁ።»

«አላልኩህም!»

በዚህ መሃል የሜትሮ ሚስት ምሳ ይዛ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የእሷም መለኪያ ከአንገቷ አይወርድም፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ እንኳ በሳንቲሜትር ነው ይባላል። በጠመኔው መሥመር ገባች፤ በጠረጴዛውና በሞርሳው ሥዕል መካከል ስትደርስ ምሳውን ከጭንቅላቷ በላይ አንሥታ፣ ትከሻዋን አዙራ፣ በጎኗ ሾለከች። ከዚያ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ቆይ። ምን ሆኜ ነው በጎኔ የገባሁት?»

«ምን አልሽ?»

«ሞርሳ የለ፣ ግድግዳ የለ፣ ጠመኔ ብቻ! ምሳውን ምን አንሥቶ ሰማይ ሰቀለብኝ?»

ድንቢጥ ሳቀ። «እትዬ፣ ሞርሳው ክርንሽን እንዳይመታሽ ነዋ! ሁልጊዜ እንደዚያ አይደል እንዴ የምትገ…» ሳቁ እዚያው ተቋረጠ።

ሴትዮዋ ሜትሩን ከባሏ ኪስ መንትፋ አወጣችና ጫፉን ለድንቢጥ ሰጠችው። ለኩ። ርዝመቱ ስድስት። ወርዱ ሁለት ከአርባ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ወገቧን ይዛ። «ይህን የሚያህል አዳራሽ ተሰጥቶህ ጥጉ ላይ ኮንቴይነሩን ሠርተህ ቁጭ አልክ? አንዲት ሳንቲ አልሳትክም እኮ!»

ሜትሮ ዞሮ አየ። የቀረው አዳራሽ ተጠርጎ፣ ኳስ ሜዳ አክሎ፣ ባዶውን ተንጣሎ ነበር። የጠመኔው ሥዕል ደግሞ የኋላውን በር ዘግቶታል። ጋዙም ቀለሙም ከመቁረጫው ፍንጣሪ አንድ እርምጃ አይርቁም። ኮንቴይነሩ ውስጥ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነበር እንደዚያ የሚቀመጡት፤ እዚህ ምን አስገደደው? ተቆጣጣሪዋ ይህን ብታይ ብዕሯን ከቦርሳዋ አታወጣውም ነበር። ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ግን፣ ይህን ነው የምወድለት፣ ከት ብሎ ሳቀ።

«ባልዲ አምጡ» አለ። «እጥበት ነው።»

ወለሉ ሲታጠብ ሚስቱ ትናገር ነበር። «የኔን ቤት አስበው። ጨርቁ በአንድ በኩል ይገባል፣ ይቀደዳል፣ ይሰፋል፣ ይተኮሳል፣ በሌላው በኩል ይወጣል። የተተኮሰ ቀሚስ ተመልሶ መቀስ አጠገብ ሲደርስ አይተሃል?»

አላየም። ጠመኔውን አነሣ። ቱቦላሬው፣ ያ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ፣ በኋላው በር ቀጥ ብሎ ገብቶ በቀኝ ግድግዳ ይደረደራል። መቁረጫው እዚያው አጠገቡ። ቀጥሎ ብየዳ፣ ቀጥሎ ሙረዳ። ቀለሙ ከፍንጣሪው ርቆ በግራ በኩል፣ በላሜራ ተከልሎ፣ ከፊቱ በር አጠገብ። ጋዙ ከነጭራሹ ውጭ፣ በሽቦ ቤት ውስጥ፣ በሰንሰለት ታስሮ።

«መሃሉስ?» አለ ድንቢጥ። «ምን እናስቀምጥበታለን?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«በር ይሠራበታል። ሙሉ በር፣ ጣሪያ ሥር» አለ ሜትሮ ቃሉን ሳይቸኩል፣ እያጣጣመው።

እስከ ትናንት ዕቃው ሁሉ በጠመኔው መሠረት ገብቶ አለቀ፤ ተቆጣጣሪዋ ዛሬ ሐሙስ መጣች። ቀጭን፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። መተላለፊያውን ለካች፣ የሽቦውን ቤት ሰንሰለት ነቀነቀች፣ የቀለም ክፍሉ ጋ ቆመች።

«እዚህ እሳት ቢነሣ በየት ነው የምትወጡት?»

«ድንቢጥ!» ብሎ ተጣራ ሜትሮ። ድንቢጥ ክንዱን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ከቀለም ክፍሉ እስከ ኋላው በር ሮጠ። አንድ ነገር አልነካም። «እሱ ካለፈ እሜቴ፣ ሌላው ሰው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ያልፋል።»

ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ ሊል ነበር፣ መለሰችው። «መሃሉን ባዶ ያደረጋችሁት ለእኔ ነው። ነገ ዕቃ ልትከምሩበት አይደል?»

ሜትሮ ሙሉ ቱቦላሬ፣ ስድስት ሜትሩን፣ ወገቡን ይዞ አነሣ፤ መሃል ላይ ቆሞ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ቀስ ብሎ ዞረ። ሴትዮዋ ሁለት እርምጃ አፈገፈገች። ሙሉ ዙር፤ ኮሽ ያለ ነገር የለም።

«ይህ ካልዞረ እኔም እንጀራዬን አላገኝም» አለ። «እዚህ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው በዚሁ ብረት ነው የሚመታው። ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ።»

«መሃሉ ባዶ እንዲሆን እጽፍበታለሁ» አለች፤ ጻፈች፤ ፈረመች።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ምሳ ይዛ ገባች። በፊቱ በር፣ መሃል ለመሃል፣ ደረቷን ነፍታ፣ ሳህኑን ወገቧ ላይ አድርጋ። ትከሻዋ አልዞረም።

ሶፋ ሠሪው ሳይቀር መጥቶ እንኳን ደስ ያለህ ብሎታል። ያልሰማችው የሜትሮ ታላቅ እህት ብቻ ናት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ይኸው አሁን ደግሞ ድንቢጥ ወደ እሷ ቤት ሲያዘግም በመስኮት አየሁት። እሱ በዋናው መንገድ ነው፤ በጓሮ አቋራጭ አለ፤ ጫማዬስ የት ገባ? ሳይቀድመኝ ልሩጥ።